የሴቶች የልብ በሽታ በሕክምና ታሪክ ውስጥ፦ ስለ ታየውና ሳይታይ ስለ ቈየው

የሕክምና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በግኝት መልክ ነው። አንድ ሐኪም አንድን በሽታ አየ፣ ስም አወጣለት፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ መድኃኒቱን አገኙለት ይባላል። ይህ አጻጻፍ ለተማሪ የሚቀል ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ይሸፍናል፤ ይኸውም በዐይን ፊት ያለ ነገር ለረዥም ዘመን ሳይታይ ሊቀር የሚችል መሆኑን ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ከዚህ ዐይነቱ ታሪክ አንዱን፣ የሴቶችን የልብ በሽታ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰማው «ሐኪሞች የሴትን ልብ ችላ ብለው ኖሩ» የሚል አሳብ ነው። ነገሩን በዓመታቱ ቅደም ተከተል ስንመለከተው ግን ይህ አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ሆኖ እናገኘዋለን። ሐኪሞች የሴትን ልብ አይተዋል፤ አዳምጠዋል፤ በቀዶ ጥገናም ከፍተዋል። ያላዩት በሴት ልብ ላይ ከሚደርሱት ሁለት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱን ነው። አንዱን የሴት፣ ሌላውን የወንድ ብለው ስለ ከፈሏቸው፣ የወንድ ነው በተባለው በሽታ የምትታመመው ሴት ስም የሌለው ሕመም ይዛ ቀረች። ለማሳየት የምንሞክረው ይህ ክፍፍል እንዴት እንደ መጣ፣ እንዴትስ እንደ ፈረሰና ምን እንዳስተማረ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። «የልብ በሽታ» የምንለው አንድ በሽታ አይደለም። ልብ፣ ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርጉ ቫልቭ የተባሉ አራት በሮች አሉት። በልጅነት የሚይዝ የጉሮሮ ሕመም በሚገባ ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳት የተባለውን በሽታ ሊያስከትል ይችላል፤ ይህም በሽታ በሮቹን አቍስሎ ያጠባቸዋል፣ ወይም እንዳይገጥሙ ያደርጋቸዋል። ይህን «የበር በሽታ» እንለዋለን። ሁለተኛው ደግሞ ራሱን ልብን የሚመግቡትን የደም ሥሮች የሚያጠበው ነው። ከእነዚህ አንዱ በድንገት ሲዘጋ ከልብ ሥጋ አንዱ ክፍል ደም አጥቶ ይሞታል፤ ይህንም «ድንገተኛ የልብ ሕመም»፣ መሠረቱን ደግሞ «የደም ሥር በሽታ» እንለዋለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. የበር በሽታና የወላድ ልብ

በሚትራል በር፣ ማለትም በልብ ግራ በኩል ባለው ትልቅ በር መጥበብ የሚታመሙት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች መሆናቸውን ሐኪሞች ካወቁት ብዙ ዘመን ሆኗል። በሽታው ለብዙ ዓመታት ምንም ሳይሰማ ይቈይና በእርግዝና ጊዜ በድንገት ይገለጣል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በእርግዝና ወራት የሴት ደም መጠን ከቀድሞው ከመቶ 40 እስከ 50 ያህል ይጨምራል፤ ልብም ከወትሮው ይፈጥናል። በጠባብ በር ብዙ ደም በአጭር ጊዜ ማለፍ ስለማይችል ደሙ ወደ ኋላ ተመልሶ ሳንባን ያጨናንቃል። እንዲህ ያለችው ሴት ትተነፍስ ዘንድ ትቸገራለች፤ በምጥ ጊዜም ልትሞት ትችላለች።

የእንግሊዙ የልብ ሕክምና አባት ከሚባሉት አንዱ የሆኑት ዶክተር ጄምስ ማኬንዚ ሥራቸውን የጀመሩት በ1879 በርንሊ በተባለችው የፋብሪካ ከተማ ነበር። ወደ ልብ ጥናት ያዘነበሉት፣ ይከታተሏት የነበረች አንዲት ወጣት ሴት በምጥ ላይ ሳለች በልብ በሽታ ስለ ሞተችባቸው መሆኑ ይነገራል። የትኛዋ ነፍሰ ጡር እንደምትተርፍና የትኛዋ እንደማትተርፍ አስቀድሞ ለማወቅ ባለመቻላቸው፣ የልብን ትርታ በወረቀት ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ እስከ ማበጀት ደረሱ። በ1921 ደግሞ ስለ ልብ በሽታና ስለ እርግዝና ራሱን የቻለ መጽሐፍ አሳተሙ። እንግዲህ አዲሱ የልብ ሕክምና በእንግሊዝ አገር ሲወለድ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ የአንዲት ሴት ሞት ነበር ማለት ነው።

የቀዶ ጥገናውም ታሪክ ይህንኑ ይመሰክራል። በ1923 ዶክተር ኤሊየት ከትለር በቦስተን ከተማ የጠበበውን ሚትራል በር ለመክፈት የሞከሩት በአንዲት የ12 ዓመት ልጃገረድ ልብ ላይ ነው፤ ልጂቱም ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ ኖራለች። በ1925 ዶክተር ሄንሪ ሳውተር በሎንዶን ጣታቸውን ወደ ልብ ውስጥ አስገብተው በሩን የዳሰሱት እንደዚሁ በአንዲት ወጣት ልጅ ላይ ነበር። ታማሚዋ ብትድንም ባልደረቦቻቸው ሌላ ታማሚ አልላኩላቸውም፤ ሥራውም ከ20 ዓመት በላይ ተቋረጠ። በሰኔ ወር 1948 ዶክተር ቻርልስ ቤይሊ፣ ቀደም ብለው የሞከሩባቸው ታማሚዎች ከሞቱባቸው በኋላ፣ በፊላደልፊያ የአንዲት የ24 ዓመት ሴትን በር ከፍተው ለማዳን በቁ። ከዚህ ሁሉ እንደምንረዳው የሴት ልብ ለሐኪሞች ሥውር አልነበረም። ነገር ግን የሚታየው የወጣቷ፣ የነፍሰ ጡሯና የወላዷ ልብ ነበር።

2. የደም ሥር በሽታና የወንድ መልክ

የደም ሥር በሽታ ታሪክ በሌላ መንገድ ሄደ። በ1768 ዶክተር ዊልያም ሄበርደን በሎንዶን የሐኪሞች ኮሌጅ ቀርበው ስለ አንድ የደረት ሕመም ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩም በ1772 ታተመ። ሰውየው ሲሄድ፣ በተለይም ዳገት ሲወጣ፣ ደረቱን ጨምድዶ የሚይዘውና ሲቆም የሚተወው ሕመም ነው። አንጃይና የሚለውን ስም የሰጡት እሳቸው ናቸው። ካረፉ በኋላ በ1802 በታተመው መጽሐፋቸው፣ በዚህ ሕመም የተያዙ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ማየታቸውን፣ ከእነዚህም ሴቶቹ ሦስት ብቻ መሆናቸውን ገልጸዋል። ከአንድ የ12 ዓመት ልጅ በቀር የቀሩት ሁሉ ወደ 50 ዓመት የተጠጉ ወይም ያለፉ ወንዶች ነበሩ።

ይህን ቍጥር በሁለት ዐይነት ማንበብ ይቻላል። አንደኛው በሽታው በእርግጥ በመካከለኛ ዕድሜ ወንዶችን ይበልጥ እንደሚይዝ ያሳያል፤ ይህም ዛሬ እውነት መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ሁለተኛው ግን የቈጣሪውን ቦታ ያሳያል። አንድ የሎንዶን ሐኪም የሚያያቸው ታማሚዎች ወደ እሱ ለመምጣት የበቁትን ብቻ ነው። ሕመሟን በሌላ ቃል የምትናገር፣ ወይም ሕመሟ ዳገት በመውጣት ሳይሆን በሌላ ጊዜ የሚነሣባት ሴት በሄበርደን መግለጫ ውስጥ አትገባም። ከዚያ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ግን መግለጫውን መለኪያ አደረጉት፤ ከመለኪያው ጋር የማይስማማውንም «እውነተኛ አንጃይና አይደለም» ይሉ ጀመር።

የበሽታው መልክም ቀስ በቀስ የአንድ ዐይነት ሰው መልክ እየሆነ ሄደ። በ1793 በዚሁ በሽታ በሎንዶን የሞቱት ዝነኛው ቀዳጅ ሐኪም ጆን ሃንተር፣ ሞታቸው በሥራ ጉዳይ ከተነሣ ክርክር ጋር ተያይዞ ስለ ተነገረ ምሳሌ ሆኑ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ዶክተር ዊልያም ኦስለር የታማሚውን ጠባይ ሲገልጹ፣ ብርቱ፣ ታታሪና ለሹመት የሚጣጣር ወንድ አድርገው ሣሉት። በ1912 የቺካጎው ዶክተር ጄምስ ሄሪክ የልብ ደም ሥር በድንገት መዘጋት የግድ ወዲያው እንደማይገድልና ታማሚው በሕይወት ሳለ ሊታወቅ እንደሚችል ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ድንገተኛ የልብ ሕመም በአሜሪቃ የሥራ አስኪያጆችና የነጋዴዎች በሽታ ተብሎ ታወቀ። ሴቲቱ በዚህ ሥዕል ውስጥ ቦታ ያገኘችው በሚስትነቷ ነው። በ1964 በኦሪገን ክፍለ ሀገር በፖርትላንድ ከተማ ስለ ልብ በሽታ ለሴቶች የተደረገ ትልቅ ጉባኤ ነበረ፤ ወደ 10,000 የሚደርሱ ሴቶችም ተገኙ። የጉባኤው ርእስ «ልቦችና ባሎች» የሚል ነበር። ሴቶቹ የተማሩት የባሎቻቸውን ልብ እንዴት እንደሚጠብቁ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከነበሩት ሴቶች ብዙዎቹ ኋላ በራሳቸው የልብ በሽታ መሞታቸው የማይቀር መሆኑን ስናስብ ነገሩ ያሳዝናል።

3. ተቈጥረው ሳለ ያልተነበቡ

እዚህ ላይ አንባቢው «ሴቶች በጥናት ውስጥ ስላልገቡ ነው» ብሎ ይደመድም ይሆናል። ነገሩ ግን ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ነው። ዶክተር ቤይሊ ያችን ሴት ባዳኑበት በዚያው በ1948 ዓመት የአሜሪቃ መንግሥት በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ አንድ ታላቅ ጥናት ጀመረ። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 62 ዓመት የሆኑ 5,209 ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከእነሱም 2,873ቱ ሴቶች ነበሩ። ይህም ማለት ከጠቅላላው ከእኩሌታ በላይ ማለት ነው። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ትምባሆ ለልብ በሽታ አደገኛ መሆናቸው በሚገባ የተረጋገጠው በዚህ ጥናት አማካይነት ነው። እንግዲህ ሴቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተቈጥረዋል። ታዲያ ለምን አልታዩም?

መልሱን በሦስት ነጥብ መግለጽ እንችላለን። አንደኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። በሴቶች ላይ የደም ሥር በሽታ ከወንዶቹ ወደ 10 ዓመት ያህል ዘግይቶ ይመጣል፤ ድንገተኛው ሕመም ደግሞ ከዚያም በላይ ይዘገያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መዝገቡን የከፈተ ሰው ሲወድቁ የሚያየው ወንዶቹን ነው። የዘገየውን እንደ ቀረ መቍጠር ለችኩል አንባቢ ቀላል ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በሴቶች ላይ በሽታው መጀመሪያ የሚገለጠው ብዙውን ጊዜ በደረት ሕመም እንጂ በድንገተኛው መዘጋት አልነበረም፤ የደረት ሕመም ያለባቸው ሴቶችም እንደዚያው ካሉ ወንዶች የተሻለ ዕድሜ ያገኙ መሰለ። ከዚህ የተነሣ «የሴት አንጃይና ጕዳት የለውም» የሚል አሳብ ተስፋፋ። እውነቱ ግን በዚያ አንድ ስም ሥር ልዩ ልዩ ሴቶች ተቀላቅለው መጻፋቸው ነው፤ ልባቸው ደኅና የሆነም ነበሩ፣ በእርግጥ የታመሙም ነበሩ። የሁሉም ውጤት በአንድነት ሲካፈል የታመመችው ሴት አደጋ በጤነኛዋ ዕድሜ ተሸፈነ።

ሦስተኛው ነጥብ ያልታወቀው ሕመም ነው። በፍራሚንግሃም ሰዎቹ በየሁለት ዓመቱ ስለሚመረመሩ የልባቸው የኤሌክትሪክ ምልክት ይመዘገብ ነበር። በ1984 በታተመው ዘገባ ከደረሱት ድንገተኛ የልብ ሕመሞች ከሩብ የሚበልጡት በጊዜው ያልታወቁ፣ በኋላ በመዝገቡ ላይ ጠባሳቸው ብቻ የተገኘ ሆነው ተገኙ። ይህም ከወንዶቹ ይልቅ በሴቶቹ ላይ ይበዛ ነበር። አንዲት ሴት የልቧ ሥጋ አንዱ ክፍል ሞቶ ሳለ ማንም፣ ራሷም ጭምር፣ ስሙን ሳያውቀው አልፏል ማለት ነው። ከዚህ የምንማረው መቍጠርና ማየት አንድ አለመሆናቸውን ነው።

4. ሴቶች የሌሉባቸው ጥናቶች

በፍራሚንግሃም የተገኘው ዕውቀት ወደ መድኃኒት ሙከራ ሲሻገር ሴቶቹ ጨርሰው ወጡ። በ1966 በአሜሪቃ የተጀመረውና ልዩ ልዩ መድኃኒቶችን የፈተነው ታላቅ ጥናት 8,341 ታማሚዎች ነበሩት፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። ከ1973 ጀምሮ ትምባሆን፣ የደም ግፊትንና ኮሌስትሮልን በመቀነስ የልብ በሽታን መከላከል ይቻል እንደ ሆነ የመረመረው ሌላ ጥናት 12,866 ወንዶችን ይዞ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚታወቀው አስፒሪን ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደሚከላከል በ1988 የተነገረው ጥናት የተደረገው በ22,071 ወንዶች ሐኪሞች ላይ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የ1966ቱ ጥናት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው። ሴቶች እስኪያርጡ ድረስ ከልብ በሽታ የሚጠበቁት በሴት ሆርሞን፣ በኤስትሮጅን ምክንያት ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር፣ መድኃኒቱ የተሰጠው ለወንዶቹ ነው። ጕዳቱ ከጥቅሙ ስለ በለጠ በ1970 እና በ1973 እንዲቋረጥ ተደረገ። የሴትን አካል ምሥጢር ሊጠቀሙበት ያሰቡት ሴቶችን ሳያካትቱ መሆኑ ዘመኑን በሚገባ ይገልጸዋል።

ለሴቶች መውጣት የተሰጡት ምክንያቶች ሁሉ ክፋት የነበረባቸው አይደሉም። ወንዶቹ በመካከለኛ ዕድሜ ቶሎ ስለሚታመሙ ጥናቱ በጥቂት ሰውና በአጭር ጊዜ ውጤት ይሰጣል። ደግሞም በ1961 ታሊዶማይድ የተባለው መድኃኒት በእናቶች ማሕፀን ውስጥ ያሉ ሕፃናትን አካለ ጐደሎ ማድረጉ ከታወቀ በኋላ፣ በሴቶች ላይ መድኃኒት መሞከር አስፈሪ ሆነ። በ1977 የአሜሪቃ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ልጅ ሊወልዱ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች እንዲወጡ መመሪያ ሰጠ። ነገሩ በጥበቃ ስም ቢደረግም ውጤቱ ሌላ ሆነ። ሴቲቱ በሙከራው ላይ ካልተሰጣት መድኃኒት ተጠበቀች፤ በሐኪም ቤት ግን ያንኑ መድኃኒት ለወንድ በተለካው መጠን ወሰደች።

5. የ1991 መዞሪያና ሁለተኛው ትምህርት

በሐምሌ ወር 1991 በአንድ ታዋቂ የአሜሪቃ የሕክምና መጽሔት ሁለት ጥናቶች በአንድነት ታተሙ። አንደኛው በማሳቹሴትስና በሜሪላንድ ሐኪም ቤቶች መዝገብ ላይ ተመሥርቶ፣ በልብ በሽታ የገቡ ሴቶች ከወንዶቹ ይልቅ የደም ሥር ምርመራና ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው ባነሰ ቍጥር መሆኑን አሳየ። ሁለተኛው ሴቶቹ የደረት ሕመማቸው ከወንዶቹ ባልተናነሰ፣ እንዲያውም በባሰ ሁኔታ ሥራ እያስፈታቸው ሳለ ለምርመራ የሚላኩት ጥቂት መሆናቸውን ገለጠ። በዚያው እትም፣ ራሳቸው የልብ ሐኪም የሆኑትና በዚያ ዓመት የአሜሪቃ ብሔራዊ የጤና ተቋሞች የመጀመሪያዋ ሴት ዲሬክተር የሆኑት ዶክተር በርናዲን ሂሊ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጡ። ለነገሩም «የየንትል ሕመም» የሚል ስም ሰጡት። የንትል በአይዛክ ባሼቪስ ሲንገር ልብ ወለድ ውስጥ ያለች፣ የሃይማኖት ትምህርት ለመማር ስትል የወንድ ልብስ የለበሰች ልጃገረድ ናት። የዶክተር ሂሊ አሳብ፣ አንዲት ሴት እንደ ወንድ መታከም የምትችለው ልቧ እንደ ወንድ ልብ መታመሙን አስቀድማ ስታስመሰክር ብቻ ነው የሚል ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ፈጠነ። በ1993 የአሜሪቃ ምክር ቤት መንግሥት በሚከፍልባቸው የሕክምና ሙከራዎች ውስጥ ሴቶች እንዲገቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ፤ የ1977ቱም መመሪያ በዚያው ዓመት ተሻረ። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆኑ 161,808 ሴቶችን የያዘ ታላቅ ጥናትም ተቋቋመ።

ይሁን እንጂ ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አያበቃም፤ ለእኛ ለተማሪዎች የበለጠ የሚጠቅመውም የሚከተለው ይመስለናል። ከወንዶች ጋር የከሸፈው የኤስትሮጅን ተስፋ ለሴቶች እንደ ገና ተነሥቶ ነበር። በ1976 የተጀመረውና 121,700 ነርሶችን የተከታተለው ጥናት በ1985 ባወጣው ዘገባ፣ ካረጡ በኋላ ሆርሞን የሚወስዱ ሴቶች የልብ በሽታቸው ያነሰ መሆኑን ገለጠ። በዚያው መጽሔት፣ በዚያው እትም የፍራሚንግሃም ጥናት ተቃራኒውን አወጣ። ከሁለቱ የተሰማው ተስፋ የሚሰጠው ነበር፤ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሴቶችም መድኃኒቱን ወሰዱ። በኋላ በዕጣ የተመደቡ ሴቶች ሲፈተኑ ግን፣ በ1998 በ2,763 የልብ ታማሚዎች ላይ ጥቅም ሳይገኝ ቀረ። በ2002 ደግሞ 16,608 ሴቶች የነበሩበት የሁለት ሆርሞኖች ሙከራ በልብ፣ በአንጎል የደም ሥርና በጡት ነቀርሳ ረገድ ጕዳቱ ስለ በለጠ ከጊዜው በፊት ቆመ። ቀድሞ ሆርሞን ይወስዱ የነበሩት ሴቶች በአብዛኛው የተሻለ ኑሮ ያላቸውና ሐኪም የሚያዘወትሩ ስለ ነበሩ፣ ጤናቸው ለመድኃኒቱ ተቈጥሮለት ነበር። እርግጥ ነው፣ የማረጥን ሕመም ለማስታገስ በሐኪም ምክር መውሰድ ሌላ ጥያቄ ነው። አስፒሪንም ቢሆን በ2005 በ39,876 ሴቶች ላይ ሲመረመር፣ በ1988 በወንዶቹ ላይ እንዳደረገው ድንገተኛ የልብ ሕመምን አልቀነሰም፤ የቀነሰው ስትሮክን ነው።

ስለዚህ ትምህርቱ ሁለት ሆነ። ሴትን መርሳት ገደለ፤ ስለ ሴት ያለ ፈተና መገመትም ጐዳ።

6. ዛሬ የታወቀው

ሴቶቹ በራሳቸው ልክ ሲጠኑ የተገኘው ምንድን ነው? በመጀመሪያ፣ ሴቶችም ሆኑ ወንዶች በድንገተኛ የልብ ሕመም ጊዜ ዋናው ምልክታቸው የደረት ሕመም ወይም መጨነቅ ነው። ስለዚህ «የሴት የልብ ሕመም ደረት አያሳምም» የሚለው አዲስ አባባል እንደ አሮጌው ስሕተት ነው። ነገር ግን በሴቶች ላይ ከደረት ሕመሙ ጋር የትንፋሽ ማጠር፣ ከወትሮው የተለየ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የጀርባ፣ የአንገት ወይም የመንጋጋ ሕመም ይበዛል። ሰሚው ከእነዚህ አንዱን ይዞ ዋናውን ሊስት ይችላል።

ሁለተኛው፣ ትልልቆቹ የደም ሥሮች ክፍት ሆነው ሳለ ልብ ደም ሊያጣ የሚችል መሆኑ ነው። ከ1996 ጀምሮ በአሜሪቃ የደረት ሕመም ባለባቸው ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ጥፋቱ በፎቶግራፍ በማይታዩት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ቀድሞ «ደም ሥርሽ ደኅና ነው፣ ሂጂ» የተባለችው ሴት ሁልጊዜ ደኅና አልነበረችም። በ1931 በአንዲት የ42 ዓመት ሴት አስከሬን ላይ መጀመሪያ የተገለጸው፣ የልብ ደም ሥር ግድግዳ በራሱ የሚሰነጠቅበት በሽታም በአብዛኛው የሚይዘው ሴቶችን፣ አንዳንዴም አራሶችን ነው። በ1990 በጃፓን የተገለጸው ሌላ በሽታ ደግሞ በብርቱ ኀዘን ወይም ድንጋጤ ጊዜ የልብን ጫፍ አሳብጦ ያደክማል፤ ቅርጹ ጃፓኖች ስምንት እግር ያለውን የባሕር እንስሳ የሚያጠምዱበትን ማሰሮ ስለሚመስል ታኮትሱቦ ተባለ። ከታማሚዎቹ ከአሥር ዘጠኙ ያህል ሴቶች፣ በተለይም ያረጡት ናቸው።

ሦስተኛው የመለኪያው ጉዳይ ነው። የልብ ሥጋ ሲጐዳ ወደ ደም የሚወጣ ትሮፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር አለ። በስኮትላንድ ተደርጎ በ2015 የታተመ ጥናት ለሴቶች ከወንዶቹ ዝቅ ያለ ወሰን ሲደረግ፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም መሆኑ የሚታወቅላቸው ሴቶች ቍጥር ከመቶ 11 ወደ መቶ 22 ማደጉን አሳየ። የተለወጠው የሴቶቹ ልብ አልነበረም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። አራተኛው፣ የሴት ዕድሜ ታሪክ ራሱ ማስረጃ ሆነ። የስኳር በሽታ የሴትን ልብ ከወንድ ልብ ይበልጥ አደጋ ላይ እንደሚጥል ፍራሚንግሃም በ1979 አሳይቶ ነበር። በ2011 ደግሞ የአሜሪቃ የልብ ማኅበር፣ በእርግዝና ጊዜ የተነሣ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ለወደፊቱ የልብ በሽታ ምልክት ተደርገው እንዲቈጠሩ መመሪያ አወጣ። ዶክተር ማኬንዚ በእርግዝና የተመለከቱት የበር በሽታና የደም ሥር በሽታ በዚህ በኩል ተገናኙ።

7. በአገራችን

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪቃ የኑሮ መሻሻልና ፔኒሲሊን የበር በሽታን እያጠፉት ሲሄዱ በእኛ ዘንድ ግን አልጠፋም። ከ2010 እስከ 2012 ኢትዮጵያ ጭምር በገባችበት፣ በ12 የአፍሪቃ አገሮች፣ በህንድና በየመን በተደረገው ምዝገባ 3,343 የሩማቲክ ልብ ታማሚዎች ተጻፉ፤ ከመቶ 66ቱ ሴቶች ነበሩ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ ከ28 ዓመት በታች ነበሩ። ይህም ልክ የመውለጃ ዕድሜ ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ የበሽታውን ማገርሸት ሊከላከል እንደሚችል ከ1950ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ሲሆን፣ የዓለም የጤና ጉባኤ ስለዚህ በሽታ ውሳኔ ያሳለፈው በ2018 ነው። እዚህ ላይ ደግሞ መርሳት በተቃራኒው አቅጣጫ ሆነ። ሀብታሙ ዓለም የራሱ በሽታ ያልሆነውን ረሳው።

ከዚሁ ጋር የደም ግፊትና የስኳር በሽታ በከተሞቻችን ስለ ተስፋፉ የደም ሥር በሽታም ወደ ቤታችን ገብቷል። ስለዚህ አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት በወጣትነቷ በአንደኛው፣ በጐልማሳነቷ በሁለተኛው ልትያዝ ትችላለች። እኛ ግን ሕመሟን የምንጠራበት ቃል ብዙ ነው። ደረቷን ሲወጋት «ብርድ ነው» እንላለን፤ ማቅለሽለሽ ሲጨመርበት «ጨጓራ ነው» ይባላል፤ ላብ ሲያጠምቃት «ምች ነው»፤ ሲደክማት «የቤት ሥራ ነው»። «ልቤን አቃጠለኝ» ስትልም ከቃር በቀር ሌላ ነገር መኖሩን የሚጠይቅ የለም። እነዚህ ቃላት ብዙ ጊዜ እውነት ናቸው፤ ዳሩ ግን የልብን በሽታ ሊሸፍኑ ይችላሉ። ደረጃ ስትወጣ ወይም እንሥራ ተሸክማ ስትመለስ የሚይዛት፣ ስታርፍ የሚተዋት ሕመም፣ ወይም በቀዝቃዛ ላብና በትንፋሽ ማጠር የታጀበ ጭንቀት፣ ያለ ምርመራ «ብርድ» ተብሎ መታለፍ አይገባውም። ትራስ ደራርባ ካልሆነ በቀር መተኛት ያቃታት ነፍሰ ጡርም «እርግዝና ነው» ተብላ ብቻ መመለስ የለባትም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው የሴቶች የልብ በሽታ ሳይታወቅ የቈየው ማንም ልባቸውን ስላላዳመጠ አይደለም። አንዱ በሽታ የወላድ፣ ሌላው የሥራ አስኪያጅ ተብሎ ስለ ተከፈለ፣ ሐኪሙም ታማሚዋም ከክፍፍሉ ውጪ ያለውን ለመጠየቅ ስላላሰቡ ነው። በ2021 የታተመ ዓለም አቀፍ ዘገባ እንደ ገለጸው፣ በ2019 በዓለም ከሞቱት ሴቶች ከመቶ 35ቱን የገደላቸው የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ነገር የወንዶች በሽታ ተብሎ መኖሩ፣ የተማረ ሰውም ቢሆን የሚያየው ሊያይ የጠበቀውን እንደ ሆነ ያስገነዝበናል።

ለእኛ ለጀማሪ ተመራማሪዎች ከዚህ የሚተርፈው ምክር አጭር ነው። ቍጥር በቀረበልን ጊዜ ሁሉ ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የተቈጠረው ማን ነው? ያልተቈጠረውስ ማን ነው? ከተቈጠሩትም መካከል በአንድ ስም ሥር የተቀላቀሉት እነማን ናቸው? ሦስተኛው ጥያቄ በፍራሚንግሃም ከ30 ዓመት በላይ ሳይጠየቅ በመቅረቱ፣ 2,873 ሴቶች በመዝገብ ላይ ተጽፈው ሳለ ሳይነበቡ ቈይተዋል። የሕክምና ተማሪ ጓደኞቻችን ነገ በየክፍለ ሀገሩ የሚከፍቱት የታማሚ መዝገብም እንደዚሁ እንዳይሆን፣ «ብርድ» የሚለውን ቃል በመዝገቡ ላይ ከመጻፋቸው በፊት የሴቲቱን ትርታ ይቍጠሩ፤ ደሟንም ይለኩ፤ ስለ ወለደችባቸውም ጊዜያት ይጠይቋት።